ከቪዬኬስ ተመልሼ ለአባቴ የጻፍኩት

ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የጉልበትዎን ነገር እህቴ ነግራኛለች። ቅባቱን በሰው እጅ ልኬያለሁ፤ ሲደርስዎ ማታ ማታ ብቻ ይቀቡት።

ባለፈው ስልኩ ተቋርጦብን ሳልነግርዎ የቀረ ነገር አለ። ፈቃድ ወስጄ የሄድኩት ባሕር ዳር ለማረፍ ነው ብዬዎት ነበር። ባሕሩስ ነበረ። ከተመለስኩ ወዲህ ግን በልቤ የሚመላለሰው ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለው ፎቶግራፍዎ ነው፤ ነጭ ሽርጥዎን አስረው አሥመራ በነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር፣ በቃኘው ጣቢያ በር ላይ የቆሙበት።

በምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንዲት ባልደረባ አለችኝ። አንሶላ በሁለት ጫፍ ይዘን ስናጣጥፍ ስድስት ዓመት ሞላን። አገሯ ቪዬኬስ ነው፤ ከፖርቶ ሪኮ በስተ ምሥራቅ ያለች ደሴት፣ ርዝመቷ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ። "እናቴን ሳታዪያት አትሞቺም" እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከርማ ዘንድሮ እሺ አልኳት።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ። ፖርቶ ሪኮን አሜሪካ ከስፔን የወሰደቻት በ1898 ነው፤ ከዓድዋ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እኛ ቅኝ ገዥን በመለስንበት ሰሞን እነሱን አንዱ ገዥ ለሌላው አስረከባቸው። በ1917 ዜግነት ሰጧቸው። ጓደኛዬ አሜሪካዊት ናት፣ ነገር ግን ደሴቷ ላይ እስካለች ድረስ ፕሬዚዳንት መምረጥ አትችልም፤ ኦርላንዶ መጥታ ስትኖር ትችላለች። መጀመሪያ ስትነግረኝ ቀልድ መስሎኝ ስቄባት ነበር።

እናቷን እማማ ነው ያልኳቸው፤ ሰማንያን ተሻግረዋል። ቡና ሲያፈሉ ባዩ! ጀበና የለም። እንደ ካልሲ ረዝሞ የተሰፋ፣ አፉ ላይ የሽቦ ቀለበት ያለው ጨርቅ ውስጥ የተፈጨውን ቡና አድርገው የፈላ ውኃ ያወርዱበታል። ጨርቁ ከዕድሜ ብዛት ጠቁሯል፤ ሳሙና አይነካውም አሉኝ። በአጥሩ በኩል የማን እንደሆነ ያልታወቀ ፈረስ አንገቱን አስገብቶ የወደቀ ማንጎ ይበላል። ፈረሱ ሁሉ እዚያ እንደ ልቡ ነው የሚዞረው።

ሁለተኛውን ስኒ ስንጀምር ከምሥራቅ በኩል ድም የሚል ድምፅ መጣ። ስኒው ከነማስቀመጫው ተንቀጫቀጨ። እኔ ብድግ አልኩ፤ እማማ ግን ቡናዬን ጨመሩልኝና "እያጸዱ ነው" አሉ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጥሎት የሄደውን ያልፈነዳ ቦምብ እየሰበሰቡ ሲያፈነዱት ነው። ከሄደ ሃያ ዓመት አልፎታል።

የእማማ ወላጆች ሸንኮራ አገዳ ቆራጮች ነበሩ። መሬቱ ባብዛኛው የጥቂት የስኳር ባለጸጎች ነበር። ሠራተኛው በጌታው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ ጓሮውን ተክሎ ይኖራል። እርስዎ በአንድ ቃል ይጨርሱታል፦ ጭሰኛ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ1941 ጀምሮ፣ ከዚያም በ1947 እንደገና መሬቱን ሲወስድ የመሬቱ ዋጋ ለባለ መሬቱ ሄደ፤ ወረቀት የሌለው ጭሰኛ እዚህ ግባ የማይባል ነገር ተወርውሮለት፣ አንዳንዱም ምንም ሳያገኝ፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ልቀቅ ተባለ። የተወሰደው ከ33,000 ኤከር ውስጥ 26,000 ያህሉ ነው። በእርስዎ ቋንቋ 260 ጋሻ ገደማ። በምዕራብ የጥይት መጋዘን፣ በምሥራቅ የተኩስ መለማመጃ፣ ሕዝቡ በመካከል፤ በወፍጮና በመጅ መካከል እንደ ገባ እህል።

ጎጆው የጣውላ ነበርና ነቃቅለው በጭነት መኪና ላይ አደረጉት። የእማማ እናት በሩን አደራ ብለው አስነቅለው ነበር። ማምሻውን አገዳ መካከል በችካል የተለካ ባዶ ቦታ ላይ ሲያራግፏቸው በሩ ግድግዳ ሳይኖረው ዛፍ ተደግፎ ቆመ፤ ለሳምንታትም እንደዚያው ነበር አሉ። እማማ ያኔ የሚታዘሉ ሕፃን ስለነበሩ የሚያወሩት ከእናታቸው የሰሙትን ነው። በሩ ግን ዛሬም አለ፤ የጓዳቸው በር ነው። ማጠፊያው አጠገብ ቀለሙ ተልጦ ሰማያዊ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ደግሞ ነጭ ይታያል። እኔም እንደ ሞኝ ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። በአዲሱ ቦታ የተሰጣቸው ወረቀትም የባለቤትነት አልነበረም፤ ባሕር ኃይሉ ከፈለገው በሃያ አራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ዳግመኛ የሚያስነሳ ነበር።

አባባ፣ ቀጥሎ ያለውን ሲያነቡ እንደሚያማትቡ አውቃለሁ። በ1961 የቀረውን ሕዝብ ጠቅልሎ ከደሴቲቱ ለማውጣት ዕቅድ ወጥቶ ነበር፤ ሕያዋኑን ብቻ አይደለም፣ ሙታኑንም። አጽም ተቆፍሮ ይወጣል፤ አለዚያ ዘመድ መቃብር ለመሳለም እየተመለሰ ያስቸግራል። ሕዝቡ ከመቃብር በሚነሣው የተረት ደም መጣጭ ስም "የድራኩላ ዕቅድ" አለው። የፖርቶ ሪኮ ገዥ ሙኞስ ማሪን ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ደብዳቤ ጽፈው ነገሩ ቀረ። እማማ ይህን ሲነግሩኝ አልተቆጡም። የእናታቸው መቃብር ወዳለበት አቅጣጫ በአገጫቸው ጠቆም አድርገው ዝም አሉ።

ቀድመው እምቢ ካሉት መካከል ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። የጦር መርከብ ባለፈ ቁጥር ከሥሩ የሚሽከረከረው መቅዘፊያ የዓሣ ወጥመዳቸውን ገመድ ይቆርጠዋል፤ ወጥመዱ ከነዓሣው ባሕር ውስጥ ይቀራል። ካርሎስ ሴኖን የሚባል ዓሣ አጥማጅ ጓደኞቹን አስተባብሮ በየካቲት 1978 አርባ የሚሆኑ ትንንሽ ጀልባዎች የጦር መርከቦቹ ልምምድ መካከል ገብተው ቆሙ። ሌላ ጉልበት አልነበራቸውም፤ መንገድ ላይ መቆም ብቻ።

አሁን ወደ ፎቶግራፍዎ ልመለስ። ሚያዝያ 19 ቀን 1999 ከጦር አውሮፕላን የተጣሉ ሁለት ቦምቦች ዒላማቸውን ስተው መመልከቻው ጣቢያ አጠገብ ወደቁ። ዴቪድ ሳኔስ ሮድሪጌስ የሚባል የ35 ዓመት ሰው ሞተ፤ አራት ሰዎች ቆሰሉ። ዴቪድ ተቃዋሚ አልነበረም። የቪዬኬስ ተወላጅ ሆኖ ለመለማመጃው ዘበኛ ነበር፤ በሩን ለእነሱ የሚጠብቅ። የድሮው ምሽግ ቤተ መዘክር ውስጥ የዚያን ዘመን ፎቶግራፎች ሳይ እርስዎ ናቸው የታዩኝ፤ ሽርጥ ታጥቀው፣ በሩ ላይ ቆመው።

ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ሳይታዘዝ ገባ። ቦምብ በሚወርድበት ኮረብታ ላይ መስቀል ተከሉና የዴቪድ ተራራ አሉት። ድንኳን ተተከለ፤ ዓሣ አጥማጁ፣ መምህሩ፣ ካጉዋስ የምትባለው የፖርቶ ሪኮ ከተማ ጳጳስ ሳይቀሩ መጡ። እማማ ሩዝና ባቄላ በትልቅ ድስት ቀቅለው በጀልባ ይልኩ ነበር፤ "ድስቴ ከእኔ በፊት ታስሯል" ይላሉ፣ ፖሊስ ይዞባቸው እንደ ሆነ አልጠየቅኋቸውም። ሰው እዚያ እያለ ቦምብ መጣል ስለማይቻል ተኩሱ ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ። በግንቦት 2000 የፌዴራል ፖሊሶች አስወጧቸው፤ እነሱም አጥር እየቆረጡ ተመልሰው ገቡ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ታስሯል። በ2001 ድምፅ ሲሰጥ ከመቶ 68 ያህሉ ባሕር ኃይሉ አሁኑኑ ይውጣ አለ። ግንቦት 1 ቀን 2003 ወጣ።

መሬቱ ግን ለጭሰኛው ልጅ አልተመለሰም። አብዛኛው ለፌዴራል መንግሥት የዱር እንስሳት መጠለያ ሆነ፤ ሰፊው ክፍል በፈንጂው ምክንያት ዛሬም ዝግ ነው። የእማማ ወላጆች ጎጆ የነበረበትን ቦታ በሽቦ ማዶ ነው ያሳዩኝ። ምልክት የሚሆነኝ ነገር ስፈልግ "የታማሪንዱን ዛፍ አትፈልጊ፣ ቆርጠውታል" አሉኝ። በ2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ሆስፒታሉን አፈረሰና እርጉዞች ለመውለድ ባሕር መሻገር ነበረባቸው፤ ለዓመታት። የጎረቤት ቤቶችን ደግሞ ከዋናው አሜሪካ የሚመጡ ሰዎች እየገዙ ለእንግዳ ያከራያሉ። የእማማን ቤት የሚጠይቅም መጥቶ ነበር። የጓዳውን በር አይተው "አሮጌ ነው፣ ይቀየራል" ስላሉ ብቻ አስወጥቻቸዋለሁ አሉኝ።

ቃኘውን ያማሁ እንዳይመስልዎ። ያ ደመወዝ እኔንም እህቴንም አስተምሯል፤ ማታ ይዘውልን የሚመጡት የታሸገ ኮክ ጣዕም እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። ስለ ቃኘው ብዙ ነግረውናል፤ ስለ አንቴናዎቹ፣ በ1977 በሩ ስለተዘጋበት ቀን፣ ሰኔ ላይ ስለሚያወጡት የበረዶ ክሬም። አንድ ነገር ግን እኔም ጠይቄዎ አላውቅም። አጥሩ ከመታጠሩ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ማን ነበረ? የሚያውቁት ሰው ነበር?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ስልኩን እህቴ ትያዝልዎ፤ ባለፈው የተቋረጠው በእርስዎ አውራ ጣት ነው።

ልጅዎ