ስለ ካርዱ ለጠየቅሽኝ የዘገየ መልስ

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሜሪላንድ ገብተሽ ጥቂት እንደቆየሽ «አንቺ እዚህ ስለኖርሽ ታውቂዋለሽ፤ የትኛውን ክሬዲት ካርድ ልያዝ?» ብለሽ ከጻፍሽልኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ያልመለስኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። መልሱን ለመስጠት እኔ ላይ የደረሰውን መናገር ነበረብኝ፤ እሱን ደግሞ ለእናቴም አልተናገርኩትም ነበር። ባለፈው እሑድ አራት ኪሎ እናንተ ቤት ቡና ስንጠጣ ታናሽ እህትሽ በፖስታ የመጡልሽን የሁለት ካርዶች ማመልከቻ በፎቶ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት በደል መስሎ ስለተሰማኝ፣ ዛሬ ከሥራ እንደወጣሁ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካለ ካፌ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ።

አሜሪካ ሳለሁ የያዝኩት ክሬዲት ካርድ፣ ማለትም በባንኩ ገንዘብ በዱቤ የምገዛበት ካርድ፣ ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 3,000 ዶላር ለሚያወጣ ሰው የአውሮፕላን ትኬት የሚገዛ ነጥብ ይሰጣል ስለተባልኩ፣ ለገና አዲስ አበባ እመጣበታለሁ ብዬ የማያስፈልገኝን ዕቃ ሳይቀር ገዛሁበት። ነጥቡን በእርግጥ አገኘሁ። ይሁን እንጂ 2,600 ዶላር ዕዳ ቀረብኝ፤ ወለዱ በዓመት 22 በመቶ ስለነበር በመጀመሪያው ወር ብቻ ወደ 48 ዶላር ለወለድ ሄደ፤ እኔም በየወሩ በሚላከው የሒሳብ መግለጫ (ስቴትመንት) ላይ ዝቅተኛ ክፍያ ተብሎ የተጻፈውን ብቻ እየከፈልኩ ዕዳዬን የምጨርስ ይመስለኝ ነበር። የተገላገልኩት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቼ ነው። የትኬቱ ነጥብ በእጄ እያለ የዚያን ዓመት ገና አልመጣሁም፤ ባዶ እጄን ቤት መግባት አልሆነልኝም።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ከዕቁብ ጋር ሳነጻጽረው ነው። ዕቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው በሌሎች ገንዘብ ይሠራል፣ ወለድም የለበትም፤ የሚጠበቅበት ቀኑን ጠብቆ መጣል ብቻ ነው። ክሬዲት ካርድም እንደዚያ የሚሆንበት አንድ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ስቴትመንቱ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ እንዲላክልሽ ያዛል፤ እስከ መክፈያው ቀን ሙሉውን ሒሳብ ከከፈልሽ፣ በተለመደው አሠራር በገዛሽው ላይ ወለድ አይታሰብብሽም። ከፊሉን ካሳደርሽ ግን በአብዛኞቹ ካርዶች አዲስ የምትገዢውም ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል። በዓመት 24 በመቶ ወለድ ማለት በወር 2 በመቶ ነው፤ ከሁለቱ ማመልከቻዎችሽ አንዱ ከገዛሽበት ገንዘብ ላይ እመልስልሻለሁ ከሚለው 2 በመቶ ጋር እኩል ነው። ዕዳው አንድ ወር ካደረ ተመላሹ ገንዘብ አለቀ፤ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ የምትከፍዪው ከደመወዝሽ ነው።

ከሁለቱ ማመልከቻዎች የመጀመሪያው፣ እንደ እኔው ካርድ በዓመት 95 ዶላር የሚያስከፍለው፣ ለአስቤዛ 3 በመቶ ለሌላው 1 በመቶ ይመልሳል። ሁለተኛው ዓመታዊ ክፍያ የለውም፤ በሁሉም ግዢ ላይ 2 በመቶ ይመልሳል። የመጀመሪያው በአስቤዛ ብቻ በ1 በመቶ ስለሚበልጥ፣ 95 ዶላሩን ለማካካስ በዓመት የ9,500 ዶላር አስቤዛ መግዛት አለብሽ፤ ያውም በሌላው ግዢ የሚያጎድልብሽን ሳንቆጥር። አንቺ ብቻሽን ነሽ፤ በወር 400 ዶላር ቢፈጅብሽ እንኳ በዓመት 4,800 ነው፣ ብልጫው 48 ዶላር ብቻ ነው። እኔ ብሆን ያለ ምንም ማመንታት ሁለተኛውን እይዛለሁ። ተመላሹም በጥሬ ገንዘብ ቢሆን ይሻላል፤ የነጥብን ዋጋ የሚወስነው ካርዱን የሚሰጠው ባንክ ነው፣ አንቺ እያጠራቀምሽ ሳለ ሊቀንሰው ይችላል። ሲቲ ደብል ካሽ የተባለው ካርድ አሠራር ደስ ይለኛል፦ 1 በመቶውን ስትገዢ፣ ሌላውን 1 በመቶ ዕዳውን ስትከፍዪ ይሰጣል። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ካርድ ብይዝ ኖሮ ምናልባት ስለ መክፈል ቀድሜ አስብ ነበር።

ፎቶው ላይ ያልታየኝ አንድ ነገር አለ፤ ከአሜሪካ ውጪ ስትገዢበት የሚቆረጠው ክፍያ። በብዙ ካርዶች 3 በመቶ ያህል ነው። ለመስቀል መጥተሽ እዚህ ሆቴል ብትከፍዪበት 2 በመቶ ተመልሶልሽ 3 በመቶ ይወሰድብሻል ማለት ነው። ካፒታል ዋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ በካርዶቹ ላይ ይህን ክፍያ አይጠይቅም፤ ለጉዞ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ካርድ ካስፈለገሽ ዓመታዊ ክፍያ ከሌላቸው ካርዶቹ አንዱን መያዝ ትችያለሽ። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ገንዘብ ማውጣትን ግን፣ እዚያም ሆነ እዚህ፣ አደራ እንዳትሞክሪው፤ የራሱ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ለጥሬ ገንዘብ ከራስሽ የባንክ ሒሳብ የሚያወጣው ዴቢት ካርድሽ ይበቃሻል።

ክሬዲት ስኮርሽን፣ ማለትም አበዳሪዎች ተበዳሪነትሽን የሚመዝኑበትን ነጥብ፣ የመኪናሽ ብድር እንደጀመረልሽ ሰምቻለሁ። ፋይኮ በሚባለው አቆጣጠር 35 በመቶውን የሚይዘው ዕዳን በወቅቱ የመክፈል ታሪክ ስለሆነ፣ ካርዱ እንደደረሰሽ ሙሉው ሒሳብ በቀኑ ከባንክሽ በራሱ እንዲከፈል አድርጊው፤ በማስታወስ ላይ አትተማመኚ።

ከማመልከቻው ጀርባ ወይም ከሥር፣ ወለዱና ክፍያዎቹ በሕግ ትእዛዝ የተዘረዘሩበት ሠንጠረዥ ይኖራል። ከመፈረምሽ በፊት የሁለቱንም ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝና አብረን እንየው፤ በእናንተ ጠዋት እኔ ከሥራ እወጣለሁ፣ ስልኬም ክፍት ነው።

የአንቺው፣
የሰፈርሽ ልጅ