መርፌውን እዚሁ፣ ምርመራውን ሦስት ሰዓት ተጉዘን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምጽፈው ስለ ታናሽ እህቴ ነው። ገና 26 ዓመቷ ነው። ልጅ ሆና ቶንሲል ይመላለስባት ነበር። እናታችን እንጥሏን አስቆረጠቻት። ከሳምንታት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፣ ከዚያም ቁርጭምጭሚቷ። «ብርድ ነው» ተባለ። ሲተዋት እኛም ረሳነው።

አምና ደረጃ ስትወጣ ማለክለክ ጀመረች። «ልቤ ድው ድው ይልብኛል» ትላለች። መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ተቋም ጭንቀት ነው ብሎ መለሰን። ሁለተኛው የጨጓራ መድኃኒት ሰጣት። በሦስተኛው አንዲት ወጣት ነርስ የእጇን አንጓ ይዛ፣ ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ከዚያ የእኔን ጣት እዚያው ላይ አሳረፈችው። ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ጥፍት ይላል፣ ደግሞ ይሮጣል። መላ የለውም። ያን ምት ጣቴ እስካሁን አልረሳውም።

ወዲያው ኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ) ተነሳች። የልብ ምት መዛባት ነው ተባለ። ኢኮው (የልብ አልትራሳውንዱ) ደግሞ የልቧ ቫልቭ፣ ማለትም የደም መተላለፊያ በሩ፣ መጥበቡን አሳየ። ያኔ በልጅነቷ ሰውነቷ የጉሮሮውን ተሕዋስ ሲዋጋ የራሷን ልብም አብሮ አቁስሎት ኖሯል። በጠበበው በር ማለፍ ያቃተው ደም የላይኛውን የልብ ክፍል ይለጥጠዋል፤ ምቱም ይዛባል። እዚያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው።

አሁን የጉሮሮው ተሕዋስ እንዳይመለስባት በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪንም ትወስዳለች። ዋርፋሪን ግን ደሟ ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለካው አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ካልተከተለው አደገኛ ነው። ውጤቱ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ካነሰ ደሟ ይረጋል፣ ከበዛ ትደማለች። በዐቢይ ጾም ጎመን ስታዘወትር ወደ 1.4 ወርዶ አገኘነው። ሐኪሟ ጎመን አልከለከላትም፤ መጠኑን አትለዋውጪ ነው ያላት።

ይህ ምርመራ በከተማችን የለም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ እንሄዳለን። ባለፈው ወር ደግሞ «ሪኤጀንት (የምርመራው ኬሚካል) አልቋል» ተብለን ተመለስን።

ይህን የደም ምርመራ የማይፈልጉትን አዳዲስ ክኒኖች ለምን አትወስድም ብዬ ጠይቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት እንደ እሷ ያሉ ሕሙማን ላይ ከእነዚህ ክኒኖች አንዱን፣ ሪቫሮክሳባንን፣ ሞክሮ፣ በዋርፋሪን የሞቱት ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ መድኃኒቷ ይኸው ዋርፋሪን ነው።

በአንድ ጠብታ የጣት ደም አይኤንአር የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። መርፌዋን የምትወጋው ከቤታችን አሥር ደቂቃ በእግር በሚያስኬደው ጤና ጣቢያ ነው። የሚመለከታችሁ የጤና ኃላፊዎች፣ እባካችሁ መሣሪያውን እዚያ አስገቡልን።

የታማሚዋ ታላቅ እህት
ሰሜን ሸዋ