ዓሣ ነባሪን ለማዳን አዳኙም ይደመጥ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የዓሣ ነባሪ ነገር ሲነሣ ባሕር ለራቀን ለእኛ ቶሎ ትዝ የሚለን በጾመ ነነዌ የምንሰማው የነቢዩ ዮናስ ታሪክ ነው። «አደኑ በየትም ስፍራ፣ በማንም እጅ ይሁን፣ ፈጽሞ ይቁም» የሚለው ሐሳብ በመካከላችን ያለ ብዙ ክርክር የሚያልፈው ምናልባት ከዚሁ ርቀት የተነሣ ይሆናል። እኔም ለረጅም ጊዜ በዚህ አቋም የጸናሁ ነበርሁ፤ ሐሳቤን ያስለወጠኝ በሰሜን አላስካ የሚኖሩት የኢኑፒያት ሕዝብ ታሪክ ነው።

ኢኑፒያት ቦውሄድ የተባለውን ዓሣ ነባሪ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አድነዋል፤ ዘሩ ግን አልጠፋም። ጥፋቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1848 የአሜሪካ የንግድ መርከቦች የቤሪንግን ሰርጥ መሻገር ከጀመሩ በኋላ ነው። መርከቦቹ ቅባቱን ለመብራት፣ ከአፉ የሚወጣውን ረጅም ተጣጣፊ ዘንግ ለሴቶች ወገብ ማጥበቂያ እያሉ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ባሕሩን ባዶ ለማድረግ ጥቂት ቀራቸው። ዕዳው ግን ዞሮ በባሕሩ ዳር ነዋሪዎች ላይ ወደቀ። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1977 የቀሩት ቦውሄዶች ቢበዛ 2,000 ያህል ቢሆኑ ነው በሚል ግምት የኢኑፒያትን አደን ከለከለ፤ ከብርቱ ክርክር በኋላም በዚያው ዓመት መጨረሻ ለተከታዩ ዓመት ለ1978 አሥራ ሁለት ዓሣ ነባሪዎች ብቻ እንዲይዙ ፈቀደ።

የኮሚሽኑ ስጋት መሠረት አልነበረውም አልልም። ተወግተው ከበረዶው ሥር የሚጠፉት ዓሣ ነባሪዎች ብዛት በእርግጥ አሳሳቢ ነበር። ስሕተቱ ቆጠራው ላይ ነበር። ቆጣሪዎቹ በጸደይ ወራት በባሕሩ ዳር በረዶ ላይ ቆመው በተከፈተው ውኃ የሚያልፈውን ብቻ ይመዘግቡ ነበር። አዳኞቹ ግን ቦውሄድ በረዶ እንደማይፈራ፣ ከሥሩ እየዋኘ እንደሚያልፍ፣ መተንፈስ ሲያሻውም በግዙፍ ራሱ በረዶውን ከታች ገፍቶ እንደሚሰነጥቅ፣ ከዳርቻው ርቆ የሚጓዘውም ብዙ እንደሆነ ደጋግመው ተናገሩ። ይህን ለማጣራት የድምፅ ማዳመጫ መሣሪያዎች ወደ ውኃው ሲወርዱ ዓይን ያላየው ሁሉ በጆሮ ተሰማ፤ አዳኞቹ ያሉትም እውነት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ቆጠራ ቁጥሩ ወደ 17,000 ገደማ ደርሶ ነበር፤ ይህም አደኑ በኮታ እየቀጠለ ሳለ ነው።

ክልከላው ቢጸና ኖሮ ምን ይጠፋ እንደነበር ማሰብ ይገባል። ኡሚያክ የሚሉት ታንኳቸው የሚለበጠው ሴቶች ውኃ እንዳያስገባ አድርገው በሚሰፉት የባሕር እንስሳ ቆዳ ነው። ዓሣ ነባሪ ሲያዝ የመንደሩ ሰው በረዶው ላይ ወጥቶ ገመዱን በአንድነት ይስባል፤ ማክታክ የሚሉት ከነስቡ የተቆረጠ ቆዳና ሥጋው ለየቤቱ ይዳረሳል፤ ስጦታ እንጂ ሸቀጥ ስላልሆነ ሥጋው አይሸጥም። በሰኔ ወር በሚከበረው የናሉካታክ በዓልም የአደኑ አለቃ ቤተሰብ ለመጣው ሁሉ ያከፋፍላል። ይህን ከንግድ አደን ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

በዚያው መጠን፣ ባህል የሚለው ቃል ለማንም መሸፈኛ እንዲሆን አልሻም። ጃፓን በአንታርክቲክ ባሕር በምርምር ስም ታካሂደው የነበረውን አደን የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ለሳይንስ የተደረገ አይደለም ብሎ ማስቆሙ ተገቢ ነበር። ቦውሄድ ደግሞ ከ200 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል፣ ዘግይቶ የሚወልድ ፍጡር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተያዘ አንድ ዓሣ ነባሪ ሥጋ ውስጥ በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የመውጊያ ስባሪ ወጥቷል። እንዲህ ያለው ፍጡር አንዴ ከተመናመነ ቶሎ አይተካምና የኮታው ጥብቅነት ሊላላ አይገባም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በዚህ ጉዳይ ሲጽፍ ለገበያ የሚያድነውንና ለመንደሩ የሚያድነውን እንዲለይልን፣ ከተመራማሪዎቹ ቃል ጎን ለጎንም በረዶው ላይ ቆመው የሚያድሩትን ሰዎች ቃል እንዲያሰማን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ