የሸራ ተራን ጫማ «የጣሊያን ነው» እያላችሁ አትሽጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሰላም ብያለሁ። «የሀገር ቤት ጫማ አይበረክትም» የሚለው ወሬ መቼም አዲስ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ ሊስትሮ ጋ ይወራል፣ ሰርግ ላይ ሶሉ የተላቀቀበት ሰውማ ሙሽሮቹን ትቶ ስለ ጫማው ነው የሚያወራው። እኔ መርካቶ ሸራ ተራ ጫማ ከሚሠሩት አንዱ ነኝ፣ ወቀሳው ግማሹ እውነት ነው። የሚያናድደኝ ሁሌ ቆዳው መወቀሱ ነው። የበለጠ የሚያናድደኝ ደግሞ ያው ወቃሽ እግሩን አንስቶ «ይሄኛው ግን የጣሊያን ነው» ሲል ነው። ወንድሜ፣ እሱ ጣሊያን የተሠራው ከእኛ ሁለት በር አልፎ ነው!

እስቲ የሚበላሸው የቱ ጋ እንደሆነ ልንገራችሁ። የአንድ ጥንድ የወንድ ጫማ የላይኛው ክፍል፣ እኛ ቶማያ የምንለው፣ ከ2 እስከ 2.5 ስኩዌር ፊት አካባቢ ቆዳ ይበላል። ከአንድ በሬ የወጣ ቆዳ ደግሞ ሁሉም ቦታው እኩል አይደለም። ጀርባው ጠንካራ ነው፣ ሆዱ ይለጠጣል፣ አንገቱ ይጨማደዳል። እከክ የመታው፣ እሾህ የቧጨረው፣ አራጁ በቢላ የሳተውም አለ። ጥሩ ቆራጭ የጫማውን አፍንጫ ከጀርባው ያወጣል፣ የሆዱን ለምላስና ለማይታየው ቦታ ያደርገዋል፣ የግራውንና የቀኙን ደግሞ ጎን ለጎን ይቆርጣል። አለዚያ ትንሽ ከተለበሰ በኋላ አንዱ ሰፍቶ አንዱ እንደጠበበ ይቀራል። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቁርጥራጭም ይበዛል፣ ቁርጥራጭ ደግሞ ብር ነው።

ቶማያው ተሰፍቶ ሲያልቅ ፎርማ ላይ ይወጠራል። ፎርማ ማለት የእግር ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ወይም እንጨት ነው። ቆዳው በጉጠት እየተሳበ፣ በሚስማርና በማስቲሽ እየተያዘ፣ አፍንጫው ላይ አንዲት ሽብሽብ እስክትጠፋ ድረስ ይጎተታል። ከዚያ እዛው ላይ ማደር አለበት። ቅርጹን የሚይዘው እዚያ ላይ ሲያድር ነው፣ አቋራጭ የለውም። በዓል ሲደርስ ግን ነጋዴው «ነገ ጠዋት ይድረስልኝ» ይላል፣ ፎርማው ለሚቀጥለው ጥንድ ይፈለጋል፣ ሠራተኛው የሚከፈለው በጥንድ ነው፣ ስለዚህ ማታ የተወጠረው ማታውኑ ይወልቃል። ሱቅ ውስጥ ስታዩት ምንም አይልም። በሳምንቱ ግን ጎኑ ተንሻፎ ታገኙታላችሁ።

ወደ ሶሉ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚማረረው እዚህ ላይ ነው፣ ልክም ነው። ሶሉ ከመለጠፉ በፊት የቆዳው የታችኛው ጠርዝ መፋቅ አለበት፣ የሚያብለጨልጨው ገጹ ካልተነሳ ማስቲሽ አይጨብጠውም። ከዚያ ማስቲሹ ሁለቱም ላይ ይቀባል፣ ቆዳውም ላይ ሶሉም ላይ። ጣት ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ይጠበቃል፣ እሳት ያየዋል፣ ከዚያ ተገጥሞ በደንብ ይጫናል። ይሄንን ጥበቃ የሚዘል ሰው ሞልቷል። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተጫነ ሶል ለሻጭ ይበቃል፣ ክረምቱ ሲገባ አፉን ይከፍታል። ታዲያ ቆዳው እዚህ ውስጥ ምን አጠፋ?

ሌላው የሶል ጉድ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚገረምበት ነው። ለበዓል ተብሎ ለዓመታት ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ አንድ ቀን ሲወጣ ሶሉ እንደ ድርቆሽ ይፈረካከሳል። «ሳልለብሰው!» ይላል ባለቤቱ። ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቀለል ያለ ሶል የአየር እርጥበት እየበላው ውስጥ ለውስጥ ይፈርሳል፣ ሳጥን ውስጥም ቢሆን። እንዲያውም የሚለበሰው ይሻለዋል። ይሄን ለገዢው የሚነግረው ሰው ግን የለም፣ ምክንያቱም ጫማው ውስጥ የተጻፈው የሶሉ ዓይነት ሳይሆን «ሜድ ኢን ኢታሊ» ነው።

ዋናው ጉዳዬ ይሄ ነው። ማኅተሙን ይዞ የሚመጣው ነጋዴው ነው። «የራስህን ስም እንዳትጽፍበት» ይላል፣ ጫማውን ይወስዳል፣ ክፍያው በቼክ ነው፣ ቼኩ የሚመነዘረው ደግሞ ወር ሁለት ወር ቆይቶ ነው። እኔ የሠራሁት ጫማ ሶሉ ቢላቀቅ የሚሰደብ የለም፣ ጥሩ ቢሆንም የሚመሰገን የለም፣ ምስጋናው ሮም ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ማን ነው ፎርማ ላይ የሚያሳድረው? ለማን ብሎ?

ነጋዴዎቹ መልስ አላቸው፣ አውቀዋለሁ። «ደንበኛው ጣሊያን ካላልነው አይገዛም» ይላሉ። ውሸት ነው ማለት አልችልም፣ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አንበሳ ጫማ የራሱን ስም ይዞ ነው የተሸጠው፣ ጥቁር ዓባይም እንደዚያው። አስኮ የሚባለው ሰፈር እኮ ስሙን ያገኘው ከጫማ ፋብሪካ ነው፣ የሰው ሰፈር በጫማ ስም እስከመጠራት የደረሰበት ከተማ ውስጥ ነው ያለነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቀው ብዙ ጫማ ሰሪ ሱቁን ዘግቶ ሄዷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰዉ ወደ እኛ የተመለሰው የውጪው ከላዩ አምሮ ቶሎ እያለቀ ስላስቸገረው፣ እኛም ፋሽኑን ስለተማርን ነው። ያኔ ስማችንን መጻፍ ነበረብን።

ከእኛም በኩል ጥፋት አለ። ብዙው ሰሪ ስሙን የማይጽፈው ነጋዴው ስለከለከለው ብቻ አይደለም፣ ስም ካለ ግብር ይመጣል ብሎ ነው። ሲንቴቲኩን «ንጹህ ቆዳ» ብሎ የሚሸጥም ከመካከላችን አለ። ተረከዙ ውስጥ ተራ ካርቶን የሚከትም አለ፣ ዝናብ ሲነካው የሚሟሽሸው እሱ ነው።

ስለዚህ የሚመለከተው አካል፣ ማንም ይሁን፣ አንድ ነገር ያስገድደን። ጫማው ውስጥ የሰሪው ስም ይጻፍ፣ የላዩ፣ የገበሩና የሶሉ ዓይነትም ይታወቅ። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ መመሪያ የእያንዳንዱ ክፍል ዓይነት በምልክት ይገለጻል። የተዘረጋ ቆዳ ሥዕል ካለ ቆዳ ነው፣ መረብ የሚመስለው ጨርቅ ነው፣ ዳይመንድ የሚመስለው ደግሞ ሲንቴቲክና ሌላ ሌላው ነው። ምልክቱ የሚያመለክተው ቢያንስ የክፍሉን 80 በመቶ የሸፈነውን ነው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ይሄን ያደርጋሉ። እኛ ስማቸውን ወሰድን እንጂ ምልክቱን አልወሰድንም።

ቆዳውማ ሞልቶናል። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት ያላለቀ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልከው ላይ 150 በመቶ ታክስ የጣለው እዚሁ ተሠርቶ ይውጣ ብሎ ነበር። ዛሬ በየበዓሉ ማግስት የበግ ሌጦ አስፋልት ዳር ተጥሎ ታያላችሁ። ያ «ቆዳ ያለው!» እያለ በየበሩ ይዞር የነበረው ሰውዬም ድምፁ ጠፍቷል። ይሄ ለብቻው ደብዳቤ የሚያስጽፍ ነገር ነው፣ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ለገዢዎች እስከዚያው፦ ጫማውን ከመሞከራችሁ በፊት ሁለቱን አፍንጫዎች አጠጋግታችሁ እዩ፣ የቆዳው ገጽ ይመሳሰል። ሶሉና ቆዳው የተጋጠሙበትን ዙሪያውን በጥፍራችሁ ሞክሩት። ከዚያ ሻጩን «ማን ሠራው?» በሉት። «ጣሊያን» ካላችሁ ዋጋውን በመርካቶ ሂሳብ ተከራከሩ።

ለነጋዴዎቹ ደግሞ፦ ወጪ ይበዛብናል እንዳትሉ። «ሜድ ኢን ኢታሊ» የሚለውን ማኅተም የሚቀርጽላችሁ ልጅ እዚሁ መርካቶ ነው ያለው፣ የኔን ስም ቅረጽ ብትሉትም በዚያው ዋጋ ይቀርጻል።

ከአክብሮት ጋር
የሸራ ተራ ጫማ ሰሪ
(ነጋዴዎቼ እንዳይኮርፉኝ ለጊዜው ስሜ ይቅር)