ስኳር ዕቃው ስር የተውከው ወረቀት

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ?

ወረቀትህን ያገኘሁት ጠዋት ቡና ላፈላ ስል ነው። «እማዬ አትቆጪ፣ ብነግርሽ አትለቂኝም ነበር» ይላል። እውነትህን ነው፣ አልለቅህም ነበር። ስልክህን ሳላነሳ የከረምኩትም ተናድጄ ነው።

እህትህ የኮሪያ ድራማ ስታይ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። ልዑሉ ሁሉ ወይ ሰይፍ ይመዛል ወይ ያፈቅራል። እውነተኞቹስ ምን ሲሠሩ ይውሉ ነበር ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ ጋ ስደርስ አንተው ሆንክብኝ።

ስሙ ኡይቾን ነው። በ1055 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ ጎርዮ ይባል የነበረው የድሮው የኮሪያ መንግሥት ንጉሥ፣ የሙንጆንግ፣ አራተኛ ልጅ። እንዳንተ አራተኛ! ዙፋኑ የታላላቆቹ ነው። አባትየው አንድ ቀን ልጆቹን ሰብስቦ «ከእናንተ ማን ይመንኩስልኝ?» ቢል (የቡድሃ እምነት መነኩሴ ማለቱ ነው) ብድግ ያለው እሱ ነው። በእነሱ አቆጣጠር ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበር።

ሲያድግ ቻይና ሄጄ ልማር አለ። ደጋግሞ ቢጠይቅም ቤተ መንግሥቱ እምቢ አለው። ባሕሩ ያስፈራል። ኪታን የሚባሉት ኃይለኛ ጎረቤቶችም ከቻይናው ሶንግ መንግሥት ጋር መወዳጀትን በክፉ ዓይን ያዩታል። የንጉሥ ወንድም እዚያ ታየ ማለት ጣጣ ነው። በ1085 ምን አደረገ መሰለህ? ለንጉሡ ወንድሙና ለእናቱ ደብዳቤ ትቶ፣ ሁለት ደቀ መዛሙርት አስከትሎ፣ በሌሊት የቻይና ነጋዴ መርከብ ላይ ወጣ።

እዚህ ጋ መነጽሬን አውልቄ አስቀመጥኩ።

14 ወር ያህል ቆይቶ ከ3,000 በላይ ቅጽ መጻሕፍት ይዞ ተመለሰ። ከጃፓንና ከኪታኖችም አሰባስቦ፣ በ1090 የ1,010 ሥራዎች ዝርዝር አዘጋጀ። እንጨት ላይ እያስቀረጸም ያሳትማቸው ጀመር። እኔን ደስ ያለኝ ግን የገንዘቡ ነገር ነው። ያኔ ገበያው በሩዝና በጨርቅ ነበር። ሌላው ወንድሙ ሱክጆንግ ሲነግሥ፣ ሳንቲም ይሠራ ብሎ ተሟገተ። ሩዝ ለመሸከም ከባድ ነው፣ አጭበርባሪው ደግሞ አሸዋ ይቀላቅልበታል አለ። ስንት ዘመን ከምስር ጠጠር ስለቅም ለኖርኩት ለእኔ ይሄ ይገባኛል። መነኩሴ ሆኖ የገበያውን ተንኮል ማወቁ!

አመላለሱን ዘለልኩት አይደል? «እናታችን ናፍቃዋለች» ብሎ ለቻይናው ንጉሠ ነገሥት የጻፈው ንጉሡ ወንድሙ ነው። ኡይቾን የአገሩ ወንዝ ሲደርስ ንጉሡ እናትየውን፣ ንግሥት ኢንዬን፣ ይዞ ቦንግኡንሳ ገዳም ድረስ ወጥቶ ጠበቀው። እንዲያ ያለ አቀባበል ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም ተብሎ ተጽፏል። ያለ ፈቃድ የሄደ ልጅ ነው እንግዲህ! እሷ ጀምራ ያሠራችው ጉክቾንግሳ ገዳም በ1097 ሲያልቅ አለቃው እሱ ሆነ። እሷ ግን በ1092 አርፋ ነበር፣ አላየችውም።

ነገ ደውል፣ አነሳለሁ። የምትመጣበትን ቀን ንገረኝና መናኸሪያ ወጥቼ እጠብቅሃለሁ። በርበሬውም ተፈጭቷል። ወረቀትህን ከስኳሩ ስር አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

እናትህ