የኮምፒውተር ክበብ ዓመታዊ ዘገባ፦ «ቆጣሪው ቢሞላስ?»

ዘንድሮ ከርነል (የኮምፒውተሩን ሥራ የሚያስተዳድረውን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) እንማር ስንል «ልጆቹ ገና ወርድ በቅጡ አልቻሉ፣ ከርነል ምን ያደርግላቸዋል?» ያሉን ነበሩ። መልሱን ልጆቹ ራሳቸው ሰጥተውልኛል።

መደበኛ ስብሰባችን እንደወትሮው ዓርብ ከሰዓት ነበር። አዲስ አባላት ተቀበልን፣ ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንን፣ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጀመርን። መንገድ ሲዘጋና መብራት ሲጠፋ ተቋርጠናል።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሄድን ዕለት ግን ከልቤ አይወጣም። አንድ መምህር ከርነሉ ሚሞሪን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበትን ቦታ፣ እንዴት እንደሚያስተዳድር በሰሌዳ አሳዩን። ሚሞሪ በገጽ ይከፋፈላል፤ አንዱ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ 4096 ባይት ነው። አንድን ገጽ ብዙ ፕሮግራሞች ሊጋሩት ስለሚችሉ ቆጣሪ አለው። የሚይዘው ሲመጣ አንድ ይደመራል፣ ሲለቅ አንድ ይቀነሳል። ዜሮ ሲገባ ገጹ ለሌላ ይሰጣል።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን እጇን አወጣች። «ቆጣሪው ቢሞላስ?»

ጓደኞቿ ሳቁ። ቆጣሪው 32 ቢት (32 የዜሮና የአንድ ቦታ) እኮ ነው፤ ከ4 ቢሊዮን በላይ ይይዛል፣ ማን ይሞላዋል? መምህሩ ግን አልሳቁም። ጠመኔያቸውን አስቀመጡና ይኸው ጥያቄ በ2019 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ሰዎችን እንዳስጨነቀ ነገሩን። 140 ጊጋባይት ገደማ ሚሞሪ ባለው ማሽን ላይ ቆጣሪውን ሆን ብሎ ሞልቶ ወደ ዜሮ መመለስ ይቻል ነበር። ያኔ ከርነሉ ተጠቃሚ የለውም ብሎ ገጹን ለሌላ ይሰጣል። የቀድሞዎቹ ግን አልለቀቁትም! አንዱ የሌላውን መረጃ ሊያነብ፣ ሊያበላሽም ይችላል።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ያስገባው ማስተካከያ ቆጣሪው ግማሹን አልፎ ኔጌቲቭ ሲሆን (ከግማሹ በላይ ያለው ከዜሮ በታች ሆኖ ይነበባልና) አዲስ ጠያቂን ይከለክላል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ «እንግዲያ ጠያቂው ሲከለከል ምን እንደሚያደርግም አብሮ መጻፍ አለበታ!» አለች። መምህሩ «ዋናው ሥራ እሱ ነው» አሏት። እኔ እንባዬ መጣ። ያንን ማንም አላስተማራትም።

ስንመለስ በ8 ቢት ቆጣሪ ሞከረችው። 255 ላይ አንድ ደመረች፤ ስክሪኑ ላይ 0 ወጣ። የሳቁት ልጆች ሁሉ ወንበሯን ከበው «ድገሚው» ይሏት ነበር። ከዚያ 128 ሲደርስ የሚከለክል መስመር ጨመረችበት። አሁን ታናናሾቿን የምታስተምረው እሷ ናት።

ከርነሉን ራሳችን ኮምፓይል ለማድረግ (ከተጻፈው ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመቀየር) ሞክረን አልሆነም። ሥራው በገፋ ቁጥር መብራት ይሄዳል፣ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ለበዓል መድረክ ማድመቂያ ገንዘብ አይጠፋም፤ ለላቦራቶሪ ሲሆን ነው በጀት የሚያልቀው። የወላጅ መምህር ኅብረትንና የቀድሞ ተማሪዎቻችንን የምንጠይቀው መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጊዜው የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስና ለአሮጌዎቹ ማሽኖች የሚሆን ራም (ሚሞሪ) ነው። ያገለገለም ቢሆን በደስታ እንቀበላለን።