ለብሪታንያ የባህል ሚኒስትር፦ የቤኒን ነብሮች ጉዳይ

ክቡርነትዎ፣

ለንደን የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ጉዳዬ እንስሳትን ይመለከታል፤ ከቤኒን ቤተ መንግሥት ተወስደው እዚህ የቀሩትን፣ በሰው እጅ የተሠሩ ነብሮችና አውራ ዶሮዎች። ቤኒን ስል በናይጄሪያ፣ ኤዶ ግዛት ያለችውን ጥንታዊ ከተማ ማለቴ ነው፤ ቤኒን የምትባለው አገር ሌላ ናት። ዕቃዎቹም ነሐስ ይባሉ እንጂ አብዛኞቹ ናስ ናቸው።

የኤዶ ሰዎች ንጉሣቸውን ኦባ ይሉታል። በእነሱ ዘንድ ነብር የዱር ንጉሥ ነው፣ ኦባ ደግሞ የቤት ነብር። ቤተ መንግሥቱ ነብር በሕይወት ይዘው የሚያመጡ አዳኞች ነበሩት። ነብር መሠዋት የሚችለው ግን ኦባው ብቻ ነበር። የመግደል ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ ሕዝቡ ከዚህ ያውቃል። በነብር አምሳል የተሠራ የእጅ ማስታጠቢያም አለ። ውሃው በአናቱ ይሞላል፣ በአፍንጫው ይወርዳል። ኦባው በበዓል ሥርዓት እጁን ይታጠብ የነበረው በዚህ ነው። እንግዲህ ይህን ዕቃ "የእንስሳት ቅርጽ" ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

አውራ ዶሮው የንጉሥ እናት መሠዊያ ላይ ይቆም ነበር። የኢዮባን፣ ማለትም የንጉሥ እናትን፣ ማዕረግ ኦባ ኤሲጊዬ ነው ለእናቱ ለኢዲያ ያቆመላት።

በ1897 እ.ኤ.አ. የአገርዎ ጦር ከተማዋን ያዘ። ቤተ መንግሥቱ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ኦባ ኦቮንራምዌን ወደ ካላባር ተጋዙ። ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ብቻውን ከ900 በላይ የቤኒን ዕቃ ይዟል።

ዕቃዎቹን መልሱ ሲባል ሙዚየሙ "ከስብስቤ ዕቃ እንድሰጥ የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ አይፈቅድልኝም" ይላል። መንግሥት ደግሞ "ውሳኔው የሙዚየሙ ባለአደራዎች ነው" ይላል። አዲስ አበባ ወረዳ ሄዶ ጉዳይ ያስፈጸመ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቢሮ ሦስት ወደ ሰባት ይልክሃል፣ ሰባት ወደ ሦስት። የሚገርመው፣ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት፣ በ1950ዎቹ፣ ሙዚየሙ የተወሰኑ የቤኒን የናስ ሰሌዳዎችን "ድግግሞሽ ናቸው" ብሎ ሸጧል። ለራሷ ለናይጄሪያ ሳይቀር!

ሕጉ የማያስራቸው ግን መልሰዋል። የካምብሪጁ ጂሰስ ኮሌጅ በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ አቁሞት የኖረውን አውራ ዶሮ በ2021 አስረከበ። የለንደኑ ሆርኒማን ሙዚየም በ2022 የ72 ዕቃዎችን ባለቤትነት ለናይጄሪያ አስተላለፈ። ሰማይ አልተደፋም።

በ2024 የጋናው የአሳንቴ መንግሥት ወርቅ ከብሪታንያ ወደ ጋና የሄደው በውሰት ነው። ለቤኒንም እንዲህ ይሁን እንዳይሉን። የራሱን ዕቃ ማን ይዋሳል?

እውነቱን ለመናገር የራሴም ጉዳይ አለበት። ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት በዚያው ሙዚየም ጓዳ ተዘግቶባቸዋል፤ የያዛቸውም ያው ሕግ ነው። ለቤኒን ነብር የሚከፈት በር ለእኛም ይከፈታል።

ሕግ የማሻሻል ሥልጣን የፓርላማው ነው፤ ረቂቁን ማቅረብ ግን መንግሥትዎ ይችላል። የ1963ቱን ሕግ የሚያሻሽል ረቂቅ መቼ እንደሚያቀርቡ ይንገሩን። የማያቀርቡ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳውቁን፤ "ባለአደራዎቹን ጠይቁ" የሚለውን መልስ ግን ከዚህ በፊት ሰምተነዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የለንደን ነዋሪ